ፊደሉ ተነቧል፤ እጥፋቱስ?
በኤች አይ ቪ የአር ኤን ኤ ካርታዎች ላይ የቀረበ ሂስ

በአዲስ አበባ፣ ጠመንጃ ያዥ አካባቢ የሚኖር አንድ የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ተጠቃሚ የቫይረስ መጠኑን ለማስለካት ደም ሲሰጥ፣ ሐምራዊ ክዳን ባለው ቱቦ የተቀዳው ደም ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ሰዓት ይቆጠርበታል። ፕላዝማው በ24 ሰዓት ውስጥ ከሕዋሳቱ ተለይቶ መቀዝቀዝ አለበት። የጤና ባለሙያው ይህን ደንብ ያውቀዋል፤ ያከብረዋልም። ደንቡ ስለምን እንደወጣ ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስ ግን አብዛኛውን ጊዜ «አር ኤን ኤ ቶሎ ስለሚበላሽ ነው» ከሚለው አያልፍም። መልሱ ስሕተት የለበትም፤ ጎዶሎ ነው እንጂ። የትኛው የአር ኤን ኤ ክፍል ነው ቶሎ የሚበላሸው? የትኛውስ ይቆያል? ይህ ጥያቄ በሕክምና ትምህርት ቤት የማስተማሪያ ገጾች ላይ ቦታ አላገኘም። በእነዚያ ገጾች የቫይረሱ ጂኖም ሁልጊዜ ቀጥ ያለ መስመር ነው፤ ጋግ፣ ፖል እና ኤንቭ የተባሉት ጂኖች እንደ ባቡር ፉርጎ ተቀጣጥለው ይታያሉ።

በእውነተኛው ቫይረስ ውስጥ ቀጥ ያለ መስመር የለም። ከ9,000 በላይ ፊደላት ያሉት ይህ ሞለኪውል ቢዘረጋ ከሚኖርበት ቅንጣት ስፋት በብዙ አሥር እጥፍ ይረዝማል። ስለዚህ ታጥፎ፣ በራሱ ላይ ተጣምሮና ተቋጥሮ ይቀመጣል። ያውም ብቻውን አይደለም። በእያንዳንዱ ቅንጣት ውስጥ ሁለት ቅጂዎች ተያይዘው ይገኛሉ። በላቦራቶሪ ወረቀት ላይ የሚጻፈው «ቅጂ በሚሊ ሊትር» የአር ኤን ኤ ቅጂ እንጂ የቫይረስ ቅንጣት ቁጥር ያልሆነውም ለዚህ ነው።

ይህን ሞለኪውል ለማንበብ ከተደረጉት ጥረቶች መካከል ሁለቱ ለኢትዮጵያ ባለሙያ በአንድነት ሊመረመሩ ይገባቸዋል። አንደኛው እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመው፣ ኢቲኤች2220 የተባለውን ኢትዮጵያዊ የኤች አይ ቪ ዝርያ ከዳር እስከ ዳር ያነበበው ጥናት ነው። ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ2009 በኔቸር መጽሔት የወጣው፣ የቫይረሱን ሙሉ ጂኖም አተጣጠፍ በካርታ ያሳየው የሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሥራ ነው። የመጀመሪያው ፊደሉን ሰጠ፤ ሁለተኛው ቅርጹን። ችግሩ የፊደሉና የቅርጹ ባለቤት አንድ ቫይረስ አለመሆኑ ነው።

ኢቲኤች2220 የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1986 ከተወሰደ ናሙና ነው፤ ያ ዓመት የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን በአዲስ አበባ የታወቁበት ዓመትም ነበር። በ1996 ቅደም ተከተሉ ሲታተም፣ ዛሬ ከዓለም የኤች አይ ቪ ሕሙማን ግማሽ በሚያህሉት ውስጥ የሚገኘው ንዑስ ዓይነት ሲ የሚመዘንበት ማጣቀሻ ሆነ። ከደቡብ አፍሪካም ሆነ ከሕንድ አዲስ ናሙና በተነበበ ቁጥር ከእርሱ ጋር ሲነጻጸር ኖሯል። ለጥናቱ ከዚህ የሚበልጥ ምስጋና ማግኘት ያስቸግራል። በፈለቀበት አገር ስሙን የሚያውቀው ሐኪም ጥቂት መሆኑ የጥናቱ ጥፋት አይደለም። ቀጥሎም እ.ኤ.አ. በ2000 በኢትዮጵያና በኔዘርላንድስ የኤድስ ምርምር ፕሮጀክት አማካይነት፣ በአገሪቱ ውስጥ ሲ ፕራይም የተባለ የራሱ ጎራ ያለው የሲ ቅርንጫፍ መሰራጨቱ ተገለጠ፤ በ2003ም በቅርንጫፎቹ መካከል መዳቀል እንዳለ ታተመ። እነዚህ ሁሉ ግን ፊደል ቆጠራ ናቸው። ሁለት ቫይረሶች ይዳቀሉ ዘንድ አስቀድሞ አር ኤን ኤዎቻቸው በአንድ ቅንጣት ውስጥ ተያይዘው መገኘት አለባቸው፤ የሚያያዙትም በቅርጻቸው ነው። ቆጠራው ወደዚህ በር ደርሶ ተመለሰ።

ቅርጹ ከምን እንደሚመጣ በአጭሩ ማስታወስ ያስፈልጋል። የአር ኤን ኤ አከርካሪ በፎስፌት የተሞላ ስለሆነ አሉታዊ ሙሌት ይሸከማል፤ ስለዚህ ክፍሎቹ እርስ በርስ ይገፋፋሉ። ይህን ግፊት የሚያበርዱት በዙሪያው ያሉ አዎንታዊ አየኖች፣ በተለይም ማግኒዢየም ናቸው። ግፊቱ ሲበርድ ጂ ከሲ ጋር በሦስት፣ ኤ ከዩ ጋር በሁለት የሃይድሮጅን ማሰሪያ ይጣመራሉ፤ ጂ ከዩ ጋርም ላላ ባለ ጥምረት ይገናኛል። ብዙዎች እዚህ ላይ ያቆማሉ። ይሁንና ጥምዙን በይበልጥ የሚያጸናው ማሰሪያው ሳይሆን ጥንዶቹ አንዱ በአንዱ ላይ እንደ እንጀራ መነባበራቸው ነው። የኤ-ዩ ጥንድ በኤ-ዩ ጥንድ ላይ ሲነባበር የሚገኘው ትርፍ በ37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አንድ ኪሎ ካሎሪ በሞል አይሞላም፤ ጂ-ሲን ተከትሎ ሲ-ጂ ሲነባበር ግን ከ3 ያልፋል። በአንጻሩ ክሩ ተጣጥፎ ቀለበት በሠራ ቁጥር ነጻነቱን ስለሚያጣ ዋጋ ይከፍላል። እጥፋት የዚህ ትርፍና ኪሳራ ሒሳብ ነው። ሒሳቡም ሁልጊዜ በትክክል አይዘጋም፤ ሞለኪውሉ መጥፎ እጥፋት ውስጥ ተቀርቅሮ ሊቀር ይችላል። ቫይረሱ ኑክሊዮካፕሲድ የተባለውን ፕሮቲን ከሚጠቀምባቸው ምክንያቶች አንዱ እንዲህ ያለውን ስሕተት ፈትቶ እንደገና ለማጠፍ ነው።

የ2009ኙ ሥራ ብልህነት የሚታየው አር ኤን ኤን ደካማ በሚያደርገው ነገር ላይ መመሥረቱ ነው። በራይቦዝ ስኳር ሁለተኛ ካርቦን ላይ ያለው ሃይድሮክሲል ዲ ኤን ኤ ያጣው፣ አር ኤን ኤ ግን የያዘው ነው፤ ሞለኪውሉ በቀላሉ እንዲበጠስ የሚያደርገውም እርሱ ነው። ይህ ሃይድሮክሲል ጥምዝ ውስጥ ተይዞ በማይላወስበት ቦታ ጸጥ ይላል፤ ልቅ በሆነበት ቦታ ግን ከባዕድ ኬሚካል ጋር ቶሎ ይዋሃዳል። ተመራማሪዎቹ ሼፕ በተባለው ዘዴ የየፊደሉን ልቅነት ለኩ፤ ልኬቱን ከላይ ከተጠቀሰው የኃይል ሒሳብ ጋር አጋቡት፤ ከቅንጣት ውስጥ በጥንቃቄ በወጣና ፕሮቲኖቹ በተወገዱለት አር ኤን ኤ ላይ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ካርታ ሠሩ። በቱቦው ውስጥ ሰዓት የሚቆጠርበት አር ኤን ኤ ለምን በሁሉም ቦታው እኩል እንደማይበጠስ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም።

ካርታው ከልኬትም አልፎ ሐሳብ አቀረበ። በፕሮቲን ክፍሎች መጋጠሚያ ላይ ያለው አር ኤን ኤ በጥብቅ የታጠፈ ስለሆነ ራይቦዞም እዚያ ሲደርስ ይዘገያል፤ ይህ መዘግየትም ፕሮቲኑ ተራ በተራ እንዲታጠፍ ጊዜ ይሰጠዋል አለ። ሐሳቡ ያማረ ነው። ማማሩ ግን ከማስረጃው ቀድሞ እንዲታመን አድርጎታል። በዚህ ረገድ በእርግጠኝነት የሚታወቀው ጥቂት ነው፤ ከእርሱም የታወቀው በጋግና በፖል መካከል ያለው ነው። በዚያ ሥፍራ የሚያንሸራትት የዩ ድርድር አለ፤ ከኋላው ግንድና ቀለበት ያለው እጥፋት ይከተላል። ከሃያ ራይቦዞሞች አንድ ያህሉ እዚያ ላይ አንድ ፊደል ወደ ኋላ ተንሸራቶ ንባቡን ይቀይራል፤ ቫይረሱ ኤንዛይሞቹን የሚያገኘውም በዚህ መንሸራተት ነው። ከአንድ እንዲህ ያለ የተረጋገጠ ቦታ ተነሥቶ ስለ መላው ጂኖም መናገር ድፍረት ይጠይቃል፤ ጽሑፉ ድፍረቱን በቂ ጥንቃቄ አላስከተለበትም።

ከዚህ የሚከብደው ነቀፌታ ካርታው አንድ ሥዕል መሆኑ ነው። አንባቢ ሥዕሉን ሲያይ ቫይረሱ አንድ ቅርጽ ብቻ ያለው ይመስለዋል። ያው ላቦራቶሪ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2014 በተሻሻለ ዘዴ ያንኑ ዝርያ ደግሞ ሲለካ ካርታውን በብዙ ቦታ አርሞታል፤ ይህ የሚያስመሰግን ሐቀኝነት ነው። ነገር ግን እርማቱም ያው አንድ ሥዕል ነበር። በ2020 ሌላ ቡድን በኔቸር ባሳተመው ጥናት፣ አንድ ዓይነት ፊደል ያላቸው የኤች አይ ቪ ሞለኪውሎች በአንድ ሕዋስ ውስጥ የተለያየ ቅርጽ ይዘው እንደሚገኙና የአንዱ ወይም የሌላው ቅርጽ መብዛት ሞለኪውሉ የት ላይ እንደሚቆረጥ እንደሚወስን አሳየ። በዚያው ዓመት በሳይንስ መጽሔት የታተመው የሜሪላንድ ቡድን ሥራ ደግሞ ይበልጥ ያስደንቃል። ቫይረሱ መገልበጥ የሚጀምርበት ቦታ በአንድ ሁለት ፊደል ይዋዥቃል። በአንድ ጂ የሚጀምረው ቅጂ ጫፉን ደብቆ ይታጠፍና ከመሰሉ ጋር ተጣምሮ ወደ አዲስ ቅንጣት ይገባል፤ በሦስት ጂ የሚጀምረው ጫፉን አውጥቶ ይታጠፍና ፕሮቲን ይሠራበታል። ከ9,000 ፊደላት ሁለቱ በመጨመራቸው ብቻ አንዱ ተጓዥ፣ ሌላው ሠራተኛ ሆነ ማለት ነው። ከዚህ በኋላ የኤች አይ ቪን ቅርጽ በአንድ ሥዕል አትሞ «ይኸውላችሁ» ማለት፣ የአንድን ሰው ጉርድ ፎቶግራፍ አሳይቶ ጠባዩን እንደ መግለጥ ይቆጠራል።

ሦስተኛው ነቀፌታ ከሁሉ ይልቅ ለአዲስ አበባው ሐኪም የቀረበ ነው። ካርታው የተነሣው ኤንኤል4-3 ከተባለ የላቦራቶሪ ዝርያ ላይ ነው፤ እርሱም ንዑስ ዓይነት ቢ ነው። በጽሑፉ ርዕስ ላይ ግን የሚነበበው በደፈናው ኤች አይ ቪ-1 የሚል ነው። ንዑስ ዓይነቱ ለውጥ ያመጣ እንደሆነ ለማየት ሩቅ መሄድ አያሻም፤ ሁለቱ ቅጂዎች የሚያያዙበትን ቦታ መመልከት ይበቃል። በዚያ ቦታ ከእያንዳንዱ ቅጂ አንድ ቀለበት ይወጣል፤ በቀለበቱ ጫፍ ያሉ ስድስት ፊደላት ከሌላው ቅጂ ስድስት ፊደላት ጋር ይገጥማሉ። ባለሙያዎች «የሚሳሳሙ ቀለበቶች» ይሏቸዋል። በቢ እነዚህ ፊደላት በአብዛኛው ጂ-ሲ-ጂ-ሲ-ጂ-ሲ ናቸው። በሲ ደግሞ በአብዛኛው ጂ-ዩ-ጂ-ሲ-ኤ-ሲ ናቸው። ሁለቱም ከየመሰላቸው ጋር በስድስቱም ይጣመራሉ። ቢን ከሲ ጋር ለማጋጠም ሲሞከር ግን አራቱ በትክክል ይጣመራሉ፤ አንዱ ላላ ያለ የጂ-ዩ ጥምረት ይሆናል፤ አንዱ ቦታ ላይ ሲ ከኤ ጋር ተፋጦ ይቀራል።

በታወቀው የመነባበር ኃይል ሠንጠረዥ ተራ ጥምዝ እንደሆኑ ተቆጥረው ቢሰሉ፣ የቢ ስድስት ፊደላት 15 ያህል፣ የሲ ደግሞ 12 ያህል ኪሎ ካሎሪ በሞል ይሰጣሉ። የሦስት ኪሎ ካሎሪ ልዩነት ጥቂት ይመስላል፤ በሰውነት ሙቀት ግን በማሰሪያው ጥንካሬ ላይ መቶ እጥፍ የሚደርስ ልዩነት ነው። እርግጥ የሚሳሳሙ ቀለበቶች ከተራ ጥምዝ ይልቅ የጸኑ ስለሆኑ ቁጥሩ እንዳለ አይወሰድም። ሆኖም አቅጣጫውን ያመለክታል። በቤተ ሙከራም እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ ሥራ በቢና በሲ መካከል መዳቀል ብርቅ የሚሆንበት ዋናው ምክንያት ይኸው የስድስት ፊደላት አለመግጠም መሆኑን አሳይቷል። በኢትዮጵያ የተሰራጩት የሲ ቅርንጫፎች በነጻነት መዳቀላቸው ከዚህ አንጻር ሲታይ እንግዳ አይሆንም፤ የሚሳሳሙበት ቃል የጋራ ነውና። የ2003ቱ የመዳቀል ጥናት በፊደል ያየውን በቅርጽ ለማስረዳት የሚያስፈልገው ይህን ያህል ነበር።

ለካርታው ጠበቃ መቆም የሚፈልግ ሰው «ፊደሉ ቢለያይም ቅርጹ ይጠበቃል» ሊል ይችላል። በከፊል እውነት አለው። በጂኖሙ መነሻ ላይ ያለው ታር የተባለው ግንድና ቀለበት፣ ያልተቆረጠው አር ኤን ኤ ከኒውክሊየስ የሚወጣበት የሬቭ ማረፊያና ከላይ የተጠቀሰው የማንሸራተቻ እጥፋት በየንዑስ ዓይነቱ ይገኛሉ። አንዱ ፊደል ሲለወጥ ጥንዱም አብሮ የሚለወጥባቸው ቦታዎች ተፈጥሮ ቅርጹን እንደምትጠብቅ ይመሰክራሉ። ከእነዚህ ውጭ ባለው ሰፊ መሬት ግን ምስክርነቱ ይሳሳል። እ.ኤ.አ. በ2013 የዝንጀሮው ቫይረስ ኤስ አይ ቪ ካርታ ከኤች አይ ቪው ጋር ሲነጻጸር አብዛኛው የጥንድ አሰላለፍ ተለያይቶ ተገኝቷል። ሲና ቢ እርግጥ ከዚህ ይልቅ ይቀራረባሉ። ምን ያህል እንደሚቀራረቡ የሚታወቀው ግን በመለካት እንጂ በመገመት አይደለም።

ይህ ክርክር የሒሳብ ወዳጆች ጨዋታ ብቻ እንዳይመስል፣ የተውሶ ነገር ከዚህ ቀደም ያስከፈለውን ማስታወስ ይገባል። የቫይረስ መጠን የሚለካው አምፕሊኮር የተባለው መሣሪያ የመጀመሪያ እትም በቢ ላይ ተመሥርቶ የተሠራ ስለነበር ከቢ ውጭ የሆኑ አንዳንድ ቫይረሶችን አሳንሶ ይቆጥር ነበር፤ በ1.5 እትም መታረም አስፈልጎታል። ዛሬ 1,000 ቅጂ የሚለው ወሰን የሕክምና ውሳኔ በሚቆምበት አገር እንዲህ ያለ ስሕተት ምን ማለት እንደሆነ ማንም ክሊኒክ ውስጥ የሠራ ያውቀዋል። ሁለተኛው ምሳሌ ቴኖፎቪር ነው። ይህን መድኃኒት የሚቋቋመው ኬ65አር የተባለው ለውጥ በቤተ ሙከራ ውስጥ ከቢ ይልቅ በሲ ቶሎ ብቅ ይላል። አሚኖ አሲዱ በሁለቱም ላይሲን ነው፤ ፕሮቲኑን ብቻ የሚመለከት ሰው ልዩነት አያይም። ልዩነቱ ያለው በአር ኤን ኤው ፊደል ላይ ነው። የሲ የፊደል አደራደር ኤንዛይሙን ልክ እዚያ ቦታ ላይ ያደናቅፈውና እንዲሳሳት ያደርገዋል። አብነቱ ራሱ የመድኃኒቱን ዕጣ ይወስናል ማለት ነው።

ሦስተኛው ምሳሌ ወደ መተማና ወደ ሑመራ ይወስዳል። በዚያ ቆላ ካላ አዛርን የሚያክሙ ባለሙያዎች ከሶዲየም ስቲቦግሉኮኔት ጋር አጣምረው የሚሰጡት ፓሮሞማይሲን ራይቦዞም ውስጥ የሚያርፈው በአንድ የታጠፈ የአር ኤን ኤ ኪስ ላይ ነው፤ የሚያውቀውም የኪሱን ቅርጽ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የስትራስቡርግ ተመራማሪዎች የኤች አይ ቪ ሁለት ቀለበቶች ሲሳሳሙ የሚፈጥሩት ቅርጽ ይህንኑ የራይቦዞም ኪስ እንደሚመስልና የዚሁ ቤተሰብ መድኃኒቶች እንደሚያርፉበት አሳዩ። ከዚህ ተነሥቶ ፓሮሞማይሲን ኤች አይ ቪን ያክማል የሚል ሰው ቢኖር ታላቅ ስሕተት ይሆናል፤ ከጥናቱ እስከ መድኃኒት ያለው መንገድ እስከ ዛሬ አልተሄደም። ነገር ግን አር ኤን ኤ በቅርጹ የመድኃኒት ዒላማ እንደሚሆን ሐኪሙ በየዕለቱ ጄንታማይሲን ባዘዘ ቁጥር የሚያረጋግጠው እውነት ነው። አንድ ቀን የኤች አይ ቪን አር ኤን ኤ የሚመታ መድኃኒት ቢነደፍ፣ ነዳፊው ፊት ለፊቱ የሚዘረጋው ካርታ የየትኛው ቫይረስ ይሆናል? ዛሬ ባለው ሁኔታ የኤንኤል4-3 ነው።

ካርታውን ለማንሣት የሚያስፈልገው መሣሪያ እንደ ቀድሞው ከአገር የራቀ አይደለም። አዲሶቹ ዘዴዎች የኬሚካሉን ምልክት በተለመደው የጂኖም ማንበቢያ መሣሪያ ያነብባሉ፤ የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩትና የአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ደግሞ በኮቪድ-19 ወረርሽኝ ዘመን የቫይረስ ጂኖም አንብበዋል። አጠር ያለ አር ኤን ኤም ከቅደም ተከተሉ ተነሥቶ በቱቦ ውስጥ ሊሠራ ይችላል፤ በሽተኛም፣ ሕያው ቫይረስም አያስፈልገውም። መሰናክሉ ያለው ማንም ባልጠበቀው ቦታ ነው። በዓለም የመረጃ ማኅደሮች ውስጥ «ሙሉ ጂኖም» ተብለው ከተመዘገቡት የኤች አይ ቪ ቅደም ተከተሎች ብዙዎቹ ከፕራይመሩ ማረፊያ በኋላ የሚጀምሩ ናቸው። ለፊደል ቆጣሪው የጎደለው ጥቂት መቶ ፊደል ብቻ ስለሆነ፣ ፕሮቲን የሚሠራበትም ስላልሆነ፣ «ሙሉ» የሚለው ቃል አላሳፈረውም። ለእጥፋት ተመራማሪው ግን የጎደለው ታር ነው፤ አንድ ጂ ወይም ሦስት ጂ የሚቆጠርበት መነሻ ነው፤ ሁለቱ ቅጂዎች ከሚሳሳሙበት ሥፍራ በፊት ያለው፣ ቅርጹንም የሚወስነው ክፍል በሙሉ ነው። ከጠመንጃ ያዡ ሰው ክንድ የሚቀዳው ቫይረስ በየትኛው ፊደል እንደሚጀምር ለማወቅ መጀመሪያ የሚነበበው ይህ ጫፍ ነው።